በሬንሽታይግ ብቻዎን ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሬንሽታይግ በመካከለኛው ጀርመን የቱሪንገንን ደን ሸንተረር ተከትሎ፣ በቬራ ወንዝ ዳር ካለችው ሄርሸል ተነሥቶ በዛለ ወንዝ ዳር እስካለችው ብላንከንሽታይን የሚዘልቅ፣ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግረኛ መንገድ ነው። ብቻውን ረጅም ጉዞ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ በጀርመን ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ምልክቱ ግልጽ፣ ዳገቱ መጠነኛ፣ የዝናብ መጠለያ ጎጆውም ብዙ ነውና። ይህ ምቾት ግን ያዘናጋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው የረሳውን የሚያስታውሰው፣ የጎደለውንም የሚያካፍለው ጓደኛ ስለሌለው፣ የነገ ጉዞው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ማታ ነው። ለማሳያ ያህል ከኦበርሆፍ እስከ ኖይሽታት ያለውን፣ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የአንድ ቀን መንገድ እንውሰድ።

የመጀመሪያው ስህተት ከፍታውን መናቅ ነው። የሬንሽታይግ ከፍተኛው ቦታ የሚገኘው በዚሁ ቀን መንገድ ላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 973 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ቆላ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ኦበርሆፍ በክረምት ስፖርት የታወቀችው በብርዷና በበረዶዋ ነው፤ በኤፕሪል እንኳ በረዶ ሊጥል፣ በበጋም ቀዝቃዛ ጭጋግ ሊወርድ ይችላል። የዝናብ ልብስና በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ሹራብ በማንኛውም ወር ከቦርሳ ሊለዩ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት የቀኑን ብርሃን አለማስላት ነው። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 30ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ዕረፍቱን ሳይጨምር ሰባት ሰዓት ተኩል ያስፈልገዋል። በጁን ብርሃኑ 16 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ አያሳስብም፤ በኦክቶበር መጨረሻ ግን ወደ 10 ሰዓት ስለሚወርድ፣ አርፍዶ የተነሣ ሰው ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ይመሽበታል።

ከሁሉ ይልቅ ተጓዦችን ሲያስቸግር የማየው ሦስተኛው ስህተት ነው፤ እርሱም ምግብ በመንገድ ላይ እንደሚገኝ ተማምኖ መነሣት ነው። በጀርመን እሑድና በበዓል ቀን ሱቆች ይዘጋሉ። የእሑድን ዕረፍት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ድንጋጌውም በዚሁ በቱሪንገን ምድር፣ በቫይማር ከተማ፣ በ1919 ከጸደቀው ሕገ መንግሥት የተወሰደ ነው። ዳቦ ቤቶች እሑድ ጠዋት ለጥቂት ሰዓታት ቢከፍቱም፣ በትናንሽ መንደሮች ዳቦ ቤቱም ላይኖር ይችላል። ጋስትሃውስ የሚባሉት የመንደር ምግብ ቤቶችና ማደሪያዎችም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ይዘጋሉ። ተጓዡ ዳገቱን ጨርሶ ሲደርስ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው፣ በበሩም መስታወት ላይ «ሩሄታግ» (የዕረፍት ቀን) የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል። ስለዚህ ማታውኑ ስልክ ደውሎ ቤቱ ክፍት መሆኑን፣ ወጥ ቤቱም እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መጠየቅ፣ ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች ስላሉም ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይገባል። ለሚጾም ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ የአካባቢው ማዕድ በቋሊማና በሥጋ መረቅ የተሞላ ነውና። በሶና ቆሎ ቀላል፣ የማይበላሹና ለረጅም ሰዓት የሚያጠግቡ በመሆናቸው፣ ከየትኛውም ሱቅ ከሚገዛ የተጓዥ ስንቅ አስበልጣቸዋለሁ።

የውሃው ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሬንሽታይግ የቬዘር፣ የኤልበና የራይን ወንዞች ተፋሰሶች የሚለያዩበት ሸንተረር እንደመሆኑ፣ የዘነበው ዝናብ ወደ ግራና ቀኝ ሸለቆዎች ይወርዳል እንጂ በመንገዱ ላይ ምንጭ እንደልብ አይገኝም። ሁለት ሊትር ሞልቶ መነሣት ይገባል። ብዙዎች በመንደር መቃብር ቦታዎች ካሉት ቧንቧዎች ይቀዳሉ፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ውሃው ለመጠጥ አይሆንም።

ሌላው ስህተት፣ ከመሸ ድንኳን እተክላለሁ ብሎ ማሰብ ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የደን ሕግ ማንም ሰው ለመዝናናት ወደ ደን እንዲገባ ቢፈቅድም፣ ይህ መብት የማደር ፈቃድ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ድንኳን መትከልም ሆነ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ከ2018 ወዲህ በተደጋገመው ድርቅና የዛፍ ቅርፊት በሚበላው ጥንዚዛ ምክንያት ብዙ የስፕሩስ ዛፍ ቆሞ ስለደረቀ፣ ክልከላውን የተጓዡንም ሕይወት እንደሚጠብቅ አድርጌ አየዋለሁ። ነፋስ ሲነሣ ከደረቁ ዛፎች ሥር ማረፍ አደገኛ ነው።

በዚሁ ምክንያት ዛፎች በተቆረጡበት ስፍራ የመንገዱ መለያ የሆነው ነጭ «አር» ፊደል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኔትወርክ የማይደርስባቸው ቦታዎችም ስላሉ፣ በስልክ ብቻ መመራት አይበቃም፤ ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ይጫን፣ የወረቀት ካርታም ይያዝ።

መዥገርን ችላ ማለትም ቀላል ስህተት አይደለም። የደቡብ ቱሪንገን አያሌ ወረዳዎች በመዥገር የሚተላለፈው የአንጎል ብግነት የሚያሰጋቸው ናቸው፤ ለእርሱ ክትባት አለ፣ እንዲሁ በመዥገር ለሚተላለፈው «ላይም» ለሚባለው በሽታ ግን የለም። ማታ ማታ ብብትን፣ ብሽሽትንና የጉልበት እጥፋትን መፈተሽ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ የት እንደሚያድሩ ለማንም ሳይናገሩ አይነሡ። ያደሩበት ቤት ባለቤት ወይም አንድ ዘመድ የዕለቱን መንገድና የመድረሻ ሰዓት ይወቅ። በደኑ ውስጥ ነጭ መስቀልና መለያ ቁጥር ያለባቸው አረንጓዴ የአደጋ ጊዜ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ባለፉ ቁጥር የመጨረሻውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ እግርዎ ቢሰበርና 112 ቢደውሉ፣ ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ወዴት እንደሚመጡ የሚያውቁት በእርሱ ነው።