ኦል-ዌዘር ጎማ ካስገባችሁ በኋላ የሚመጡ ጣጣዎችና መፍትሄያቸው

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ራቭ-4፣ ሲአር-ቪ ወይም ሮግ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ ሲያልቅ ብዙዎቻችን ኦል-ዌዘር፣ ማለትም በጋም ክረምትም ሳይቀየር የሚነዳ ጎማ፣ እናስገባለን። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎማ ማስቀየር ቀረ፤ በአፓርታማ በረንዳ ላይ አራት ትርፍ ጎማ መደርደርም ቀረ። ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ከዚያ በኋላ መኪናው ላይ የታየው ጉድ ሁሉ በጎማው ይሳበባል። አብዛኛው የንፋስ፣ የአገጣጠም ወይም የብርድ ጣጣ ነው።

በቅድሚያ የጎማውን ጎን እዩ። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ከሌለና "ኤም ፕላስ ኤስ" (M+S፣ ጭቃና ስኖው) ብቻ ከተጻፈ፣ ሻጩ ምንም ይበል፣ የያዛችሁት በስኖው ፈተና ያላለፈ ተራ ኦል-ሲዝን ነው።

ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራት ይበራል፣ ቀን ላይ ይጠፋል

ብርዱ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ፋረንሃይት በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያጣል። ጎማ ቤቱ 70 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ ሞልቶ ሰጣችሁ እንበል። ጠዋት ውጭው 10 ዲግሪ ከሆነ ማንም ሳይነካው 6 ፒኤስአይ ሄደ ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ ንፋሱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲጎድል መብራቱ መብራት አለበት። ስለዚህ ቀድሞም ትንሽ የጎደለ ጎማ በመጀመሪያው ብርድ ይጋለጣል። እየነዳችሁ ሲሞቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ጎማው ግን አሁንም ጎድሎታል።

ጠዋት ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ለኩ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ሙሉ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትከተሉ። የኛ አገር ሰው (ኮሎራዶን ማለቴ ነው) አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ተራራው ላይ፣ ሲልቨርቶርን አካባቢ ንፋስ አስሞልታችሁ ዴንቨር ስትወርዱ ጌጁ 2 ፒኤስአይ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ከጎማው የወጣ ነገር የለም። ታች ያለው የውጭ አየር ግፊቱ ስለሚበልጥ ነው። ጨምሩበት።

መብራቱ ሞተር ስታስነሱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ የንፋስ አይደለም። የሴንሰሩ ባትሪ አልቋል፣ ወይም መኪናው አዲሱን ሴንሰር አላወቀውም። በቅርብ ዓመታት ሲአር-ቪ ላይ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ የግፊት ሴንሰር የለም። ንፋሱን አስተካክላችሁ ከመኪናው ስክሪን ሜኑ ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም አዲሱን ግፊት እንዲለምድ ማዘዝ፣ ብቻ ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ንፋሱ እኩል ከሆነ ወርዳችሁ ቀስቱን ፈልጉ። እንደ ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2 ያሉ ጎማዎች ጥርሳቸው የ"ቪ" ቅርጽ አለው፤ የሚዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው ወደ ቀስቱ አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ውሃና ስኖው የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ ይጮሃልም። የተቻኮለ ጎሚስታ አንዱን ቢገለብጠው አይገርምም። ከቸርኬው ወጥቶ በትክክል ተገጥሞ ባላንስ ይሠራል፤ ለዚህ ደግሞ አትክፈሉ። ሮቴሽን (የጎማዎቹን ቦታ ማቀያየር) ስታሠሩም ፊትና ኋላውን በዚያው ጎን ብቻ ነው፤ መስቀለኛ አይሆንም።

ቀስቱ ትክክል ከሆነ በአንድ ጎን ፊትና ኋላውን አቀያይሩ። መጎተቱ ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተለወጠ አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠሩ።

ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል

እጃችሁን በጥርሱ ላይ አሻሹ። እንደ መጋዝ ከሻከረ እኩል ሳይሆን እየተበላ ነው፤ ሮቴሽን ዘግይቷል። ለስላሳ ከሆነና ድምፁ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ስታዘነብሉ የሚቀያየር ከሆነ ኩሽኔታውን አስመርምሩ።

ፍሪዌይ ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት፣ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ የኋላ ጎማ ባላንስ ነው። ስኖው ውስጥ ነድታችሁ በማግስቱ የጀመረ ከሆነ ግን ገንዘብ አታውጡ። ቸርኬው ውስጥ የጋገረውን አራግፉ።

ነዳጅ ይበላል፣ መሪው ይለሰልሳል

ሁለቱም እውነት ነው። አዲስ ጎማ ጥርሱ ረጅም ስለሆነ ይተጣጠፋል፣ ለመንከባለልም ይከብዳል። ከፋብሪካ የመጣው ለነዳጅ ቁጠባ የተመረጠ ነበር። ሃይብሪድ የሚነዱ ልዩነቱን ቶሎ ያዩታል። ብቻ የጥርን ፍጆታ ከሐምሌ ጋር አታወዳድሩ።

ፓርኪንግ ውስጥ ጠምዝዛችሁ ስትዞሩ መኪናው ይንገራገጫል

ኦል-ዊል ድራይቭ (አራቱንም እግር የሚነዳ) መኪና ላይ ሁለት ጎማ ብቻ ቀይራችኋል? አዲሱ ጎማ ካለቀው ይልቅ ዙሪያው ይሰፋል። ያለቀው በፍጥነት ይዞራል፤ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል (ዲፈረንሲያል) ደግሞ ያለ እረፍት እየታገለ ይግላል። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ ላይ የሚፈቅደው ልዩነት 1/4 ኢንች ብቻ ነው። አራቱንም ቀይሩ። የሦስቱ ጥርስ ገና ከሆነና አንዱ ብቻ ከተበላሸ፣ አዲሱን ፍቆ ከሌሎቹ ጋር የሚያስተካክል ጎማ ቤት ፈልጉ። ከዲፈረንሲያል ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ስኖው ላይ ጥሩ ይነሳል፣ የትራፊክ መብራት ላይ ግን አይቆምም

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ያ የተራራ ምልክት የሚሰጠው በተረገጠ ስኖው ላይ ገፍቶ የመነሳት አቅም ተፈትኖ ነው። የፍሬን ርቀት የለበትም፤ የጠጠረ በረዶም የለበትም። ኦል-ዊል ድራይቭም ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ሁለቱ ተደምረው "ይህ መኪና አይበገርም" ያሰኛሉ። ርቀት ጠብቁ፣ ቀደም ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ።

ከዚያ ጥርሱን ለኩ። አዲስ ሲገባ 10/32 ኢንች አካባቢ ነው። ወደ ተራራው በሚያወጣው አይ-70 ሀይዌይ ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ የኮሎራዶ ሕግ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥርስ ይጠይቃል። ይህ 6/32 ማለት ነው። በደረቅ መንገድ ገና ብዙ የሚያስኬድ ጎማ እዚያ ላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ሥራችሁ በክረምት በየጠዋቱ ተራራ የሚያስወጣ ከሆነ ኦል-ዌዘሩን ለበጋ ተዉትና እውነተኛ የክረምት ጎማ ግዙ። ከተማ ውስጥና ኤርፖርት ለሚመላለስ ግን ጥርሱ እስካለ ድረስ ይበቃል።