ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ የሚቆይበትን ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል?

በመጀመሪያ የሚሰላውን ጊዜ መለየት ያስፈልጋል። የምድር ጥላ ፈዛዛ የውጭና ጥቁር የውስጥ ክፍል አለው። በፈዛዛው ክፍል የሚሆነው ለውጥ በዓይን እምብዛም ስለማይለይ፣ ለተመልካች የሚጠቅሙት ከጥቁሩ ጥላ ጋር የተያያዙት አራት ሰዓቶች ናቸው፤ እነርሱም ጨረቃ ጥላውን የምትነካበት፣ ሙሉ በሙሉ የምትገባበት፣ መውጣት የምትጀምርበትና ጨርሳ የምትወጣበት ናቸው። ሙሉ ግርዶሽ የሚባለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ እነዚህን ሰዓቶች ከሥነ ፈለክ ሰንጠረዥ ይውሰዱ። ሰንጠረዦቹ አብዛኛውን ጊዜ በግሪኒች ሰዓት ስለሚዘጋጁ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱለት። ለምሳሌ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሹ በግሪኒች ከ17:30 እስከ 18:52 ነበር፤ ይህም በእኛ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:52 ሲሆን ልዩነቱ 82 ደቂቃ ይሆናል።

ውጤቱ ከግርዶሽ ግርዶሽ በእጅጉ የሚለያይበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባዋል። ጨረቃ ባለችበት ርቀት የጥቁሩ ጥላ ስፋት 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የእርሷ ስፋት 3,474 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በመሃሉ አቋርጣ ስታልፍ ብዙ ትቆያለች፣ በዳር በኩል ስታልፍ ግን ወዲያው ትወጣለች። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በመሃሉ አጠገብ ከማለፏም በላይ ከምድር እጅግ በራቀችበትና ዝግ ብላ በምትጓዝበት ቦታ ላይ ስለነበረች 103 ደቂቃ ቆይታለች፤ በዚህ ክፍለ ዘመን ከዚያ የሚረዝም የለም። በአንጻሩ የመጋቢት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሽ በናሳ ስሌት 5 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የምድር ከባቢ አየር የጥላውን ጠርዝ ስለሚያደበዝዘው እንዲህ ያሉት አጫጭር ግርዶሾች በተለያዩ ስሌቶች የተለያየ ርዝመት ሊሰጣቸው ይችላል።

ስሌቱን በዓይን ለማረጋገጥ መነጽርም ሆነ መከላከያ አያስፈልግም። የጨረቃ የመጨረሻ ብሩህ ጠርዝ ጠፍቶ መልኳ ወደ ቀይ የሚለወጥበትን ደቂቃ ይመዝግቡ፤ ብሩሁ ጠርዝ ዳግመኛ ብቅ ሲልም እንዲሁ ያድርጉ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ለ71 ደቂቃ የሚቆይ ሙሉ ግርዶሽ ከኢትዮጵያ ይታያል። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ከወጣች ብዙም ስለማይቆይ፣ በምሥራቅ በኩል ተራራም ሆነ ሕንፃ የማይጋርደው ቦታ አስቀድመው ይምረጡ።