የሽብር ስጋት ሪፖርት የሚያስገድድን የአሜሪካ ሕግ እንዴት እናንብበው? እንዴትስ እንከታተለው?

«ኮንግረስ በእገሌ አገር ስላለው የሽብር ስጋት መንግሥት ሪፖርት እንዲያቀርብ አስገደደ» የሚል ዜና ሲሰራጭ፣ መጀመሪያ የሚጣራው ሕጉ በርግጥ ሕግ መሆኑ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ልዩ ሲሆን ተጠቅሷል።)

ኮንግረስ ዶት ገቭ በተባለው የኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር አስገቡ። በ«ኤች.አር.» የሚጀምረው ከተወካዮች ምክር ቤት፣ በ«ኤስ.» የሚጀምረው ከሴኔት የመነጨ ነው። ደረጃው «ኢንትሮዲውስድ» (ቀርቧል) ከሆነ አንድ አባል አቀረበው ከማለት አያልፍም። «ምክር ቤቱ አጸደቀው» የሚለውም ብዙ አያስፈነድቅ፤ ብዙም የማያከራክሩ ረቂቆች እዚያ በ40 ደቂቃ ክርክርና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያልፋሉ። በሴኔት አልፎ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ካልደረሰ፣ የሁለት ዓመቱ የኮንግረስ ዘመን ሲያበቃ ረቂቁም አብሮ ይቀራል። ስሙ ሲቀር ግን ይዘቱ ሊተርፍ ይችላል። በየዓመቱ የሚወጣው የመከላከያ ፈቃድ ሕግ (ኤንዲኤኤ) እንዲህ ያሉ አንቀጾች የሚሰነቀሩበት ስለሆነ፣ ፍለጋውን ከማቆማችሁ በፊት የአገሩን ስም እዚያ ውስጥ ፈልጉ።

ጽሑፉን ስታነቡ «ፋይንዲንግስ» (ግኝቶች) እና «ሴንስ ኦፍ ኮንግረስ» (የኮንግረስ አስተያየት) የሚሉትን ክፍሎች እለፏቸው። ቃላቸው ስለሚሞቅ ዜና ላይ የሚጠቀሱት እነሱ ናቸው፤ ማንንም ግን አያስገድዱም። ግዴታው የሚጀምረው «ሻል ሰብሚት» (ማቅረብ አለበት) ከሚለው ነው። እዚያ ላይ ማን እንደሚያቀርብ፣ ለየትኞቹ ኮሚቴዎች፣ አንዴ ይሁን በየዓመቱ፣ መቼ እንደሚያበቃ አስምሩበት። ቀነ ገደቡ «ሕጉ በጸና በ180 ቀናት ውስጥ» ከሆነ የሚቆጠረው ሕጉ ከተፈረመበት ዕለት ነው። ለምሳሌ የ2023 በጀት ዓመት የመከላከያ ፈቃድ ሕግ የተፈረመው ዲሴምበር 23 ቀን 2022 ስለሆነ 180ኛው ቀን ጁን 21 ቀን 2023 ላይ ይውላል። ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠበት ቀን የቆጠረ ሰው ገና ያልደረሰውን ሪፖርት «ዘገየ» ብሎ ይጮኻል።

ቀጥሎ መልኩን እዩ። የተለመደው አነጋገር ሪፖርቱ ምስጢራዊ ባልሆነ መልክ ይቅረብ፣ ምስጢራዊ አባሪ ግን ሊኖረው ይችላል የሚል ነው። ስለ አጋር አገር ሲሆን የሚያስቀይመው ነገር ወደ አባሪው ሊገፋ ይችላል፤ በገሃዱ ክፍል ያልተጻፈውን «የለም» ብላችሁ አትተርጉሙት። ምስጢር ያልሆነ ሁሉም ለሕዝብ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ለኮሚቴው ብቻ ተልኮ ሊቀር ይችላል። በዲሴምበር 2022 በወጣ ሕግ መሠረት የመንግሥት ማተሚያ ቤቱ ኮንግረስ ያዘዛቸውን ሪፖርቶች የሚያኖርበት ገጽ ገቭኢንፎ በተባለው ድረ ገጹ ላይ ስለከፈተ፣ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ለመለማመጃ ከሁሉ የሚሻለው ዓመታዊው የአገሮች የሽብር ሪፖርት ነው። መሠረቱ በ1987 የወጣው፣ ዛሬ በአሜሪካ ሕጎች ስብስብ (ዩ.ኤስ.ሲ.) 22 ዩ.ኤስ.ሲ. 2656ኤፍ ተብሎ የሚጠቀሰው አንቀጽ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 30 ለኮንግረስ እንዲያቀርብ ያዛል። የዘገየ ላይ ግን ቅጣት የለም፤ የ2021 እትም የወጣው በፌብሩዋሪ 2023 ነው። የእትሙ ዓመት ድርጊቱ የተፈጸመበት እንጂ ሪፖርቱ የታተመበት አይደለም። ስለዚህ አልሸባብ በጁላይ 2022 ወደ ሶማሌ ክልል የሰነዘረውን ጥቃት የሚፈልግ ሰው የ2022ን እትም ይክፈት።

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ከትርጓሜው ክፍል ነው። ሕጉ ሽብር የሚለው፣ አስቀድሞ የታሰበበት፣ ፖለቲካዊ ዓላማ ያለው፣ መንግሥት ያልሆኑ ቡድኖች ወይም ስውር ወኪሎች በተዋጊ ባልሆኑ ዒላማዎች ላይ የሚፈጽሙትን ጥቃት ነው። ዓለም አቀፍ የሚሆነው ደግሞ ከአንድ በላይ አገር ዜጎችን ወይም ግዛትን ሲነካ ነው። የመንግሥት ጦር በግልጽ የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ትርጓሜ አይገባም፤ ሌላ የአሜሪካ ሰነድ፣ የሰብዓዊ መብት ሪፖርቱ፣ የሚያየው ነው። በኢትዮጵያ ምዕራፍ ላይ «ይህ ለምን አልተጻፈም?» ከሚሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልሳቸው እዚህ አለ።

የፍረጃ ዝርዝሮችንም አታደባልቁ። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2013 ዓ.ም. ሕወሓትንና ሸኔን በሽብርተኝነት ሲፈርጅ አሜሪካ በውጭ አሸባሪ ድርጅቶች ዝርዝሯ አላስገባቻቸውም፤ አልሸባብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እዚያ አለ። አንዱ አገር ፈረጀ ማለት የሌላው ሪፖርት በዚያው ስም ይጠራቸዋል ማለት አይደለም።

ቁጥር ስትጠቅሱ ከመጀመሪያው እትም በኋላ እርማት መውጣቱን አረጋግጡ። በኤፕሪል 2004 የወጣው የ2003 ዓመታዊ የሽብር ዘገባ የሟቾችን ቁጥር 307 ብሎ ነበር፤ በጁን ሲታረም 625 ሆነ። የቀደመውን ቅጂ ይዞ የጻፈ ሁሉ በግማሽ ያህል ተሳስቷል።

ሪፖርቱ ጊዜው አልፎ ካልተገኘ፣ አሜሪካ የምትኖሩ ለወረዳችሁ እንደራሴ ቢሮ የሕጉን አንቀጽና ቀነ ገደቡን ጠቅሳችሁ «ኮሚቴው ተቀብሏል ወይ?» ብላችሁ ጻፉ። «ለምን አልወጣም?» የሚል ደብዳቤ የሚያገኘው ጨዋ ግን ባዶ መልስ ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጉን (ፎያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ጥያቄው የሚላከው ሪፖርቱን ለጻፈው መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮንግረስ በዚያ ሕግ አይገዛም። ጠያቂው አሜሪካዊ መሆን የለበትም፤ ከአዲስ አበባም መላክ ይቻላል።