ላሚኔትድ መስታወት ጠርዙ ሲነጣ፣ መሃሉ አረፋ ሲያወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ላሚኔትድ መስታወት፣ ማለትም መሃሉ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀ ሁለት መስታወት፣ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው መስታወቱ ነው። መስታወቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ጣጣው ያለው በሁለቱ መስታወቶች መሃል ከተጣበቀው ስስ ፕላስቲክ ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ፒቪቢ ይባላል። በመኪና የፊት መስታወት ውስጥ ያለው ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መስታወቱ ሲሰበር ስብርባሪውን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው።

ደስ የማይለውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። አንዴ የተላቀቀ ላሚኔትድ ባለበት ቦታ ተመልሶ አይጣበቅም። ሙጫ በመርፌ እንወጋለታለን የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ጠጠር መትቶት የተሰነጠቀን የመኪና መስታወት በሬዚን መሙላት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚሞላው የላይኛው መስታወት እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። ስለዚህ እዚህ መፍትሄ ስል ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ማድረግን፣ ደግሞም የሚተካው መስታወት ያው ዕጣ እንዳይደርሰው ማድረግን ነው።

ጠርዙ ወተት መስሏል ወይም ተላቋል

ፒቪቢ ውሃ ይወዳል። ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ ያለው እርጥበት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠርዙ እርጥብ ቦታ ላይ ከኖረ ግን እየመጠጠ ይነጣል፣ የማጣበቅ አቅሙም ይደክማል። ንጣቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነና ደረቅ ወራት ሲመጣ ከደበዘዘ ገና እርጥበት ብቻ ነው። እንደ ደመና ወይም እንደ ጣት ወደ ውስጥ የገባ ቅርጽ ካያችሁ ግን ተላቋል።

በመጀመሪያ የፍሬሙን ታች እዩ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በአቧራ ወይም በሲሊኮን ከተደፈኑ መስታወቱ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ነው የሚኖረው። ቀዳዳውን ክፈቱ። መስታወቱም ፍሬሙ ላይ በቀጥታ እንዳይቀመጥ ከሥሩ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መደገፊያ ይግባለት።

ቀጥሎ ሲሊኮኑን ጠርጥሩ። ሲለጠፍ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከነበረ አሲድ የሚለቅ ዓይነት ነው፤ ከፒቪቢ ጠርዝ ጋር አይስማማም። አንስታችሁ ኒውትራል በሚባለው ተኩት። እርጥብ ጠርዝን ግን በሲሊኮን ወይም በፕላስተር አትሸፍኑ። እርጥበቱን ውስጥ ቆልፋችሁበት ነው የምትሄዱት።

ጠርዙ ያለ ፍሬም ክፍት ሆኖ የሚቀር ከሆነ፣ ለምሳሌ የበረንዳ መከለያ ላይ፣ ነገሩ የሚያልቀው ትዕዛዝ ሲሰጥ ነው። አዮኖፕላስት የሚባለው ፕላስቲክ እርጥበትን ከፒቪቢ በተሻለ ይችላል። ዋጋው ግን ይወደዳል።

አረፋ አውጥቷል

አረፋው የት ነው? መልሱ ግማሽ ምርመራ ነው።

ሲመረት ፕላስቲኩና መስታወቱ ኦቶክሌቭ በሚባል ትልቅ ምድጃ ውስጥ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ12 ባር አካባቢ ግፊት ይጣበቃሉ። መሃል የቀረች ትንሽ አየር በዚያ ግፊት ፕላስቲኩ ውስጥ ትሟሟለች። አየሩ ከበዛ ግን ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል፤ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ማለት ነው። ከፋብሪካ ጥርት ብሎ ወጥቶ ከሳምንታት በኋላ አረፋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። «ስንረከበው ደህና ነበር» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ጠርዝ ጠርዙን የተሰለፈ አረፋ አየሩ ተጠርጎ ሳይወጣ ጠርዙ ቀድሞ እንደተዘጋ፣ ወይም ጠርዙ ሲመረት በኃይል እንደተጨመቀ ይጠቁማል። መስታወቱ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ፣ ሲሰበር የሚደቅ) ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ። ቴምፐርድ በሮለር ላይ እየሄደ ስለሚሞቅ ፊቱ በትንሹ ይሞገዳል። ሁለት ሞገደኛ ፊቶች ሲገጣጠሙ የሚፈጠረውን ክፍተት ስስ ፊልም (የመሃሉ ፕላስቲክ) አይሞላውም። መፍትሄው ወፍራም ፊልም ነው፤ ብዙ ጊዜ 1.52 ሚሊ ሜትር። መላ መስታወቱ ላይ የተበተነ ደቃቅ አረፋ ሲሆን ደግሞ ፊልሙ ገና ሳይጣበቅ እርጥበት ጠጥቶ ነበር ማለት ነው። ከአምራቹ ጋር ከተከራከራችሁ የፈላ ውሃ ፈተና ይደረግ በሉ። ናሙናው 2 ሰዓት በ100 ዲግሪ ይቀቀላል፤ ደካማው ያኔ ራሱን ያጋልጣል።

ሲመታ መስታወቱ ረገፈ፣ ወይም የመታው ነገር በስቶት አለፈ

እኔ ከሁሉም የምወደው ይኼን ነው። ሰው «በጣም ይጣበቅ» ይላል። በጣም ከተጣበቀ ግን መስታወቱ ሲሰነጠቅ ፕላስቲኩ ስንጥቁ ላይ ብቻ ተወጥሮ ይቀደዳል። ትንሽ ለቀቅ ቢል ሰፋ ያለ ክፍሉ ይለጠጥና የምቱን ጉልበት ይውጠዋል። በጣም ከላላ ደግሞ ስብርባሪው ይረግፋል። ስለዚህ ለመኪና የፊት መስታወት የሚፈለገው መሃለኛ መጣበቅ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን የሚለኩት በመዶሻ ነው። ናሙናውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያቀዘቅዙትና ይቀጠቅጡታል። ከዚያ ፕላስቲኩ ላይ ምን ያህል መስታወት እንደቀረ አይተው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ።

መጣበቁ ከቀነሰ መጀመሪያ የማጠቢያ ውሃውን መርምሩ። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ መስታወቱ ላይ ጨው ይተዋል፤ ጨውም ፒቪቢን ያላላል። የመጨረሻው እጥበት ማዕድኑ በወጣለት ውሃ ይሁን። የፊልሙ ማስቀመጫ ክፍልም እርጥበቱ ቁጥጥር ይፈልጋል። እርጥብ ፊልም ይላላል፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ደግሞ በጣም ይጣበቃል።

ተሰበረና እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ታጠፈ

ይህ የአመራረት ሳይሆን የአመራረጥ ስህተት ነው። ሁለቱም መስታወት ቴምፐርድ ሆኖ መሃሉ ፒቪቢ ሲሆን፣ ሁለቱም ከደቀቁ የሚሸከም ነገር አይቀርም። ፒቪቢ ሙቀት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ሰው የሚደገፍበት ወይም የሚረግጠው መስታወት ከሆነ አዮኖፕላስት ምረጡ። አለበለዚያ ትልልቅ ሆኖ የሚሰበረውን ከፊል የጠነከረ መስታወት ተጠቀሙ፤ ትልልቁ ስብርባሪ እርስ በርሱ ይደጋገፋል።

ቢጫ ሆኗል

ድሮ የተለመደ ነበር። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ መሃል ያስገባው ሴሉሎስ ናይትሬት ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይቢጫል። የዛሬ ጥሩ ፒቪቢ በቀላሉ አይቢጭም። ቢጫ ካያችሁ ርካሽ ኢቪኤን (ሌላ ዓይነት የመሃል ፕላስቲክ) ወይም ከመጠን በላይ የሞቀ ፊልምን ጠርጥሩ። መተካት ነው እንጂ ማጽዳት አይመልሰውም።

የፊት መስታወት ከተቀየረ በኋላ ፍጥነት የሚያሳየው ምስል ድርብ ሆነ

መኪናው ፍጥነቱን መስታወቱ ላይ የሚያንጸባርቅ ከሆነ የመጀመሪያው ፊልም ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ ከላይ ወፈር፣ ከታች ሳሳ ያለ ሽብልቅ ነው። ከውስጥና ከውጭ ፊት የሚመለሱት ሁለት ምስሎች አንዱ በሌላው ላይ እንዲያርፉ ያደርጋል። የተተካው መስታወት ፊልሙ እኩል ውፍረት ካለው ምስሉ ሁለት ይሆናል። ማስተካከያ ቁልፉን ብታዞሩት አይጠፋም። ሌላ መስታወት ስታዝዙ ለዚህ ማሳያ የተሠራ መሆኑን ከመገጠሙ በፊት አረጋግጡ።