ድኝን አቅልጦ የድምፅን ጠባይ መረዳት፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደምንሠራው

የዳቦ ሊጥ አቡክታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ሊጡን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ይለጠጣል። ድንገት ንጠቁት፣ ይበጠሳል። ውስጡ ያሉት ክሮች ተንሸራትተው ቦታ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጊዜ ስትሰጧቸው እንደ ፈሳሽ ይሆናሉ፣ ስትቸኩሉባቸው እንደ ጠጣር። ያቺን ጊዜ እዚህ ማረፊያ ጊዜ እላታለሁ።

ድምፅም ግፊት ነው፣ እየተመላለሰ የሚመታ። ማረፊያ ጊዜው ከድምፁ ምት ካጠረ ፈሳሹ እየተመቻቸ ይቀበለዋል፣ ድምፁ ዘገም ይላል። ከረዘመ ግን ፈሳሹ ይገትራል፣ ድምፁም ይፈጥናል። ይህንን ለማሳየት ከድኝ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ከኬሚስትሪ መምህር ጋር ብቻ ሥሩት። ንጹሕ የላቦራቶሪ ድኝ ያዙ፤ ለሰብል የሚረጨው ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል። ሙቀት የሚችል የሙከራ ቱቦ፣ በብረት ድስት ውስጥ አሸዋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሙቀት የሚለካ መልቲሜትር፣ የዓይን መከላከያ፣ የብረት ክዳን፣ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ። በእሳት ነበልባል አታሙቁ። የተቀጣጠለ ድኝ የሚያወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ደጅ ሥሩ፣ አስም ያለበት ሰው አይቅረብ። እኛ ዘንድ ቀን ቀን ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡ፣ ጭሱ ከእናንተ ይርቃል። ቢቀጣጠል ክዳኑን ግጠሙበት፣ ውሃ አትድፉበት።

መጀመሪያ መለኪያችሁን ፈትሹ። የፈላ ውሃ ውስጥ ስትከቱት 94 ዲግሪ አካባቢ ሊያሳይ ይገባል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። 100 ካሳያችሁ መሣሪያው ተሳስቷል።

አሁን ቱቦውን አሸዋው ውስጥ ቅበሩና ቀስ ብላችሁ አሙቁ። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ቸኮልኩ፣ ታቹ ጠቁሮ ላዩ ገና ዱቄት ነበር፣ ምንም ሳላይ ቀረሁ። 119 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ቢጫ፣ እንደ ዘይት ቀጭን። ስምንት ስምንት አተሞች ቀለበት ሠርተው እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። 159 ዲግሪ ላይ ቀለበቶቹ መከፈትና እርስ በርስ እየተሳሰሩ ረጅም ሰንሰለት መሆን ይጀምራሉ። ቱቦውን በመያዣ ይዛችሁ ዘንበል አድርጉት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ይፈስ የነበረው ነገር አሁን ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ይቆማል። 187 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝልግልግነቱ ከቀድሞው አሥር ሺህ እጥፍ ያህል ይሆናል። ሙቀት ስትጨምሩበት እየወፈረ የሚሄድ ፈሳሽ! ይህንን ተማሪዎች ሲያዩ ዝም ይላሉ፣ እኔም ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

ከዚያ በላይ ሰንሰለቶቹ ይቆራረጣሉ፣ እንደገና ይቀጥናል። ያን ጊዜ፣ መምህሩ ራሱ፣ በቀጭኑ እያንጠባጠበ ወደ ባልዲው ይድፋው። አውጥታችሁ ሳቡት፤ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል።

ድምፁስ? እኛ ጋ የቀለጠ ድኝ ውስጥ ድምፅ የሚለካ መሣሪያ የለም። የድምፅ ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ ግን በፌሮ ማሳየት ይቻላል። አንድ ሜትር ፌሮ መሀሉን በሁለት ጣት ያዙ፣ ጫፉን በርዝመቱ አቅጣጫ በመዶሻ ንኩ፣ በስልካችሁ ፍሪኩዌንሲ በሚያሳይ አፕ ተመልከቱ። 2,500 ኸርዝ አካባቢ ካገኛችሁ በፌሮው ርዝመት እጥፍ አባዙት፤ ብረት ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 5,000 ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ድኝ በሁለት ዓይነት ድምፅ ይጠይቁታል፦ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ አልትራሳውንድ፣ ከዚያም በሌዘር ብርሃን አማካይነት በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜ በሚመታ። ሁለቱ የተለያየ ፍጥነት ከሰጡ፣ ማረፊያ ጊዜው በመካከላቸው የሆነ ቦታ አለ።

መስታወት የሚሆነውስ፣ ማለትም አተሞቹ እንደ ክሪስታል ሳይደረደሩ፣ እንደ ፈሳሽ እንደተዘበራረቁ ጠጣር የሚሆነው መቼ ነው? የተለጠጠው ድኝ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰንሰለቶቹ ማረፍ ያቅታቸዋል፣ መስታወት ይሆናል። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ላይ ስለሚቆም አይበቃም፣ ደረቅ በረዶ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አታምታቱ። ጠረጴዛ ላይ የተዋችሁት ክር ከቀናት በኋላ ቢጫ ሆኖ፣ ጣት ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይሄ መስታወት መሆን አይደለም። አተሞቹ ወደ ቀለበታቸው ተመልሰው ክሪስታል ሠርተዋል።