የንጉሥ ፊት በሎሚ አይታጠብም

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን እብነ በረድ፣ በተለይ የነገሥታት ግማሽ አካል ሐውልት፣ እጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው ማጠብ ነው። ያውም በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በመጸዳጃ ቤት ማጽጃ! እባካችሁ ተዉ። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ይፈላል። ያ ደስ የሚላችሁ አረፋ ቆሻሻው ሲለቅ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋዩ ራሱ እየሟሟ ነው።

አንድ ባለንብረት የጣሊያኑን ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌን ሐውልት አሸክሞ መጣና «አጽድቼዋለሁ፣ መወልወል ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ጉንጩን ስዳስሰው ይሻክራል። የሪዙን ፀጉር አንድ በአንድ የለዩት ቀጫጭን የመሮ መስመሮች የሉም፤ የዓይኑ ቆብ ጠርዝ ሟሙቷል። ምኑን ልወልውለው?

ነገሩ የሚያንገበግበኝ በአሠራሩ ምክንያት ነው። ቀራጺው መልኩን በጭቃ ይሠራል፣ ከዚያ በጄሶ ይወጣል፤ ነጥብ በነጥብ እየለኩ ወደ ድንጋይ የሚያዛውሩት ግን ብዙውን ጊዜ የስቱዲዮው ሠራተኞች ናቸው። ታዋቂው ጣሊያናዊ ቀራጺ ካኖቫ ለራሱ ያስቀረው የመጨረሻውን እጅ ነበር፤ ቆዳውን በሻማ ብርሃን እያየ ይጨርስ ነበር። እንግዲህ ሎሚው መጀመሪያ የሚበላው ያንኑ የጌታውን እጅ ነው። አቧራ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ካልበቃ፣ ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ በጥጥ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ጥጡን ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ ማስኬድ ነው። በረኪናም አይሆንም። ሞቅ ያለ ቢጫነት ካለው ተዉት፣ የድሮ ሰም ሊሆን ይችላል።

የናፖሊዮንን ሐውልት ያየ ሁሉ «የካኖቫ ሥራ ነው!» ይላል፤ አትቸኩሉ። የናፖሊዮን እህት ኤሊዛ የእብነ በረድ ከተማዋን ካራራን በያዘችበት ዘመን የዚያ ስቱዲዮዎች የቤተሰቡን ፊት ከተሰጣቸው ሞዴል እየገለበጡ በብዛት ያወጡ ነበር።

አባትና ልጅም ይምታታሉ። ሁለቱም ሪዛም ናቸው፤ አገጩ ላይ ጢም ያለው አባትየው ቪቶሪዮ ነው። ልጁ ኡምቤርቶ፣ እኛ በውጫሌና በዓድዋ የምናውቀው፣ ሪዝ ብቻ ነው ያለው። «የጣሊያን ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ 1855» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ሰውየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ መጋቢት 1861 የሰርዲኒያ ንጉሥ ነበር። በ1878 ከሞተ በኋላም ብዙ ሐውልት ተቀርጾለታል፤ ስለዚህ ፊቱ ወጣት ነው ብላችሁ ድንጋዩንም በዚያው ዕድሜ አትቁጠሩት።

በሬዚን (ፈስሶ በሚደርቅ ሰው ሠራሽ ሙጫ) የተሠራን ከድንጋይ ለመለየት ጀርባውን እዩ፦ የመሮ ምት ካለ ደግ፣ የቅርጽ ማውጫ መጋጠሚያ መስመር ካለ ግን በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የወጣ ነው እንጂ አልተቀረጸም።

ማንሳት ላይ፣ በአንገቱ አቅፎ የሚነሳ ሰው አይቼ መጮህ ሰልችቶኛል። ደረቱና መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ድንጋይ ናቸው፣ በመሃል በብረት ዘንግ የተያያዙ። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። መጋጠሚያው ዙሪያ ቡናማ እድፍ ካያችሁ ሐውልቱን አታነቃንቁ፤ ባለሙያ ጥሩ።