መጤ አረምን ስንከላከል የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ለጅማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ መጤ አረም በዓመት ብዙ ጊዜ ይበቅላል። የአንዱ ዘር ሳይረግፍ ሌላው ብቅ ይላል። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹን የሚሠሩት አረሙን ለማጥፋት ከልባቸው የተነሡ ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ ልፋት ዘር መበተኛ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ቅንጨ አረምን ካበበ በኋላ መንቀል

ቅንጨ አረም፣ ብዙ ሰው ፓርቲኒየም የሚለው፣ በበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያብባል። በደንብ ያደገ አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ይሰጣል። ነጫጭ አበባው ሲታይ ዘመቻ መጥራት ስለዚህ የዘገየ ሥራ ነው፤ ሲነቀልና ሲጎተት የደረሰው ዘር መንገዱን ሙሉ ይረግፋል።

ትክክለኛው ጊዜ ቅጠሉ ገና መሬት ላይ ክብ ሠርቶ እንደተነጠፈ፣ ግንድ ሳያወጣ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት አፈሩ ሲለሰልስ አንገቱን ከመሬት ጋር ይዘው ከነሥሩ ያውጡት። በገጀራ ወይም በማጭድ መቁረጥ አይበቃም፤ ከአንገቱ እንደገና ያቆጠቁጥና በአጭሩ ያብባል፣ ሳርም ስለሚሸፍነው ሳይታይ ዘር ያፈራል። በዝናቡ ወራት ያንኑ ቦታ በየሦስት ሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ ከዘገየ አዲስ የበቀለው ለአበባ ይደርሳል።

ለጋው ቅንጨ አረም ከጭቁኝና ከአሪቲ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉን በፌስታል ይዘው ያሹት፤ ጭቁኝና አሪቲ ወዲያው ጠንካራ ሽታ ይሰጣሉ።

በባዶ እጅ መንካት

አረሙ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆጣልም። የአበባው ብናኝ ደግሞ አስም ያስነሣል። ሰውን የሚያታልለው በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው፤ አለርጂው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ንክኪው ሲደጋገም ነው። ጓንት ይጠቀሙ፤ ከሌለ በሁለቱም እጅ ላይ ድርብ ፌስታል ያጥልቁ። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ሱሪና አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ልብሱ ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ። ያበበ ቅንጨ አረም እንዲነቅሉ የትምህርት ቤት ልጆችን ማሰለፍ በጭራሽ አይገባም።

የተነቀለውን አዌቱ ዳር መጣል

አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ውሃውም ግልገል ጊቤ ይገባል። ወንዙ ዳር የተጣለ ዘር ታች ያለ ገበሬ ማሳ ላይ ይበቅላል ማለት ነው።

ያላበበው ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ኮምፖስት ሊሆን ይችላል። ያበበውን ግን ከመንቀልዎ በፊት ጫፉን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ ነቅለው ከነከረጢቱ ያሥሩት። ሲደርቅ ሣር በሌለበት ቦታ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይቃጠላል፤ ወይም ዳግም በማይቆፈር ቦታ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጠልቆ ይቀበራል። የጓሮ ኮምፖስት ዘሩን የሚገድል ሙቀት ላይ መድረሱ አያስተማምንም። ለከብት መስጠትም አይሆንም፤ የላሟ ወተት ይመርራል።

ጭዱ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ይህን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ለጭቃ ቤት ምርጊት የሚገዛ የጤፍ ጭድ፣ ለከብት የሚመጣ ድርቆሽ፣ አሸዋና ጠጠር፣ ቡና ሊጭን የመጣ መኪና ጎማ ላይ ያለ ጭቃ፣ ሁሉም ዘር ይዘው ይገባሉ። የቅንጨ አረም ዘር ጥቁርና ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ ጭድ ውስጥ በዓይን ማግኘት አይታሰብም። በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርጎ ጅማ የሚገባው የአዲስ አበባ መንገድ ዳርና ዳሩ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበትም ለዚህ ነው።

ጭድ ሲገዙ አረሙ ካለበት ማሳ የተወቃ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ይጠይቁ። ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ያራግፉት፣ ጭቃውንም አንድ ቦታ ብቻ ያቡኩ። ሸራው ላይ የቀረውን ብናኝ ያቃጥሉ እንጂ ወደ አጥር ሥር አይጥረጉት። የተቦካበትን ቦታ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይከታተሉ። ሹፌሮችና ጫኞችም የመኪናውን የጭነት ወለል የሚጠርጉት መንገድ ዳር ሳይሆን ጥራጊው ተሰብስቦ በሚቃጠልበት ቦታ መሆን አለበት።

የወፍ ቆሎን ለአጥር መትከል

የወፍ ቆሎ፣ ላንታና የሚባለው፣ መጤ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ያምራል፣ እሾሁም ከብት ይከለክላል፤ ሰው የሚተክለው በዚህ ነው። ፍሬውን ግን ወፎች በልተው ጥላ ዛፍ ወደተቆረጠበት የቡና ማሳና የደን ዳር ይወስዱታል። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። መኖ ሲያጥር የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ከዚያ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ያብጣል፣ ይላጣል። አረንጓዴው ፍሬም ለልጆች አደገኛ ነው።

መጤውን በእሾሃማው ግንዱ፣ አንድ እቅፍ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሮዝ አበባ በመያዙና ሲበስል በሚጠቁረው ፍሬው ይለዩታል። እሾህ የሌለው፣ ፍሬው ሐምራዊ የሆነ የአገር ዘመድ ስላለው ሳይለዩ መጨፍጨፍ አይገባም።

ማቃጠልና መቁረጥ ብቻውን ያባብሰዋል፤ ከጉቶው በዝቶ ይመለሳል። ፍሬው ሳይጠቁር ቅርንጫፉን ያውርዱ፣ ከዚያ ጉቶውን ከዋና ሥሮቹ ጋር ቆፍረው ያውጡ። በዝናቡ መጀመሪያና መጨረሻ ተመልሰው የበቀለውን ይንቀሉ። ለአጥር ሰንሰል ይሻላል። በዝናብ መግቢያ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሲሶውን አፈር ውስጥ ቢተክሉ ይጸድቃል፤ አበባውም ንብ የሚወደው ነው። ግራዋም እንዲሁ።

እምቦጭን ለውበት ማሳደግ

እምቦጭ ቆቃና አዋሽ ላይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ። በሚመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐምራዊ አበባው ቢማርክም በጋን፣ በኩሬም አያሳድጉት፤ ያለዎትንም ወደ ወንዝ አይድፉ። ከሌላ ሐይቅ መጥቶ ግልገል ጊቤ ላይ የሚዘረጋ መረብ አስቀድሞ ይራገፍ፣ ከውሃው ርቆ ይታጠብ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አንዲት ቁራጭ ብትቀር ትበቅላለች።

የነቀሉትን መሬት ባዶ መተው

ቅንጨ አረም ብርሃንና የተራቆተ አፈር ይወዳል። ዙሪያውን ሳር ሁሉ በጸረ አረም መርጨት ቦታውን ያመቻችለታል፤ ሳሩ ሲሞት አፈሩ ውስጥ የቆየው ዘር ይበቅላል። በነቀሉበት ሳምንት ደሾ ሳር ይትከሉ፤ ሰርዶ ካለም እንዲሸፍነው ለሁለት ወር ከከብት ይከልሉት።

ናሙና በእጅ ይዞ መዞር

የማያውቁት ተክል ሲያዩ አበባውን ቀጥፈው ቢሮ ለቢሮ ይዘው አይዙሩ። ቅጠሉን፣ አበባውንና ሙሉ ተክሉን ለየብቻ ፎቶ ያንሱ፤ ለመጠን ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ከጎኑ ያስቀምጡ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ። ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያሳዩ፤ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ባለሙያዎች አሉት። ናሙና ከተጠየቁ በሚታሸግ ፌስታል ያድርጉት፤ ቦታውንም በሌላ ቀን ሌላ ሰው እንዲያገኘው ችካል ተክለው ምልክት ያድርጉበት።